ማውሱን ማን ይያዝ?



በዲጂታሉ ዓለም ስላለው የጾታ እኩልነት ሲወራ የኮምፒውተር ብዛትና የኢንተርኔት ፍጥነት ይቀድማል። እኔ ግን ከሁሉም የሚቀድመው የመምህሩ አመለካከት ነው እላለሁ። ለዚህም ሳዑዲ ዓረቢያ ጥሩ ምስክር ናት።

የሳዑዲዋ ንግሥት ኢፋት በጅዳ ከተማ ዳር አል-ሐናን የተባለውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1955 ነበር። የሳዑዲ መንግሥት የሴቶች ትምህርት ቤቶችን መክፈት የጀመረው ደግሞ በ1960 ነው። በኋላ በዩኒቨርሲቲዎች ወንድ መምህር ሴት ተማሪዎችን በቴሌቪዥን መስኮት ያስተምር ጀመር። እሱ ብቻውን ካሜራ ፊት ይቆማል፤ እነሱ በሌላ አዳራሽ ሆነው ያዩታል፤ ጥያቄ ያላት ስልክ ታነሳለች። ትምህርቱ ይደርሳታል፤ ግራ መጋባቷን ግን ከፊቷ የሚያነብላት የለም። መሣሪያው ዘመናዊ ነበር፤ አጠቃቀሙን የወሰነው ግን ስለ ሴት ልጅ የነበረው አስተሳሰብ ነው።

አስተሳሰቡ ሲላላ ውጤቱ ታየ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 በጅዳ በተካሄደው፣ የሐጅ ሐካቶን በተባለው የሶፍትዌር ሥራ ውድድር ከ2,900 በላይ ሰዎች ተወዳደሩ። አንደኛ የወጣው የሳዑዲ ሴቶች ቡድን ነበር። የሠሩት ተርጁማን የተባለ መተግበሪያ ዐረብኛ የማያነብ ሐጃጅ የመንገድ ምልክቶችን ያለ ኢንተርኔት በራሱ ቋንቋ እንዲረዳ ያግዛል። እንዲህ ያለ ችሎታ በውድድር ሰሞን አይበቅልም፤ አስቀድሞ ኮድ መጻፍን የተማረች ልጅ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ ደግሞ ወንዱም ሴቷም መድረሰቲ በተባለው የሳዑዲ ትምህርት ሚኒስቴር የኢንተርኔት መድረክ ተማሩ።

ሥራው ግን አላለቀም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መረጃ መሠረት በዓለም ከወንዶች 70 በመቶ፣ ከሴቶች 65 በመቶ ኢንተርኔት ይጠቀሙ ነበር። በኢንተርኔት የሚደርሰውን ስድብና ማስፈራሪያ ፈርተን ልጃገረዷን ከዚያ ማራቅ ጥበቃ የሚመስለን መምህራን ብዙ ነን። ስልኳን ስንቀማት ተሳዳቢው ባለበት ይቀራል፤ የምትቀጣው የተሰደበችው ናት።

በጅዳ የኢትዮጵያውያንን ልጆች የምታስተምሩም፣ በሀገር ቤት ያላችሁም፣ የኮምፒውተር ክፍላችሁን ልብ ብላችሁ እዩ። ሦስት ተማሪ በአንድ ኮምፒውተር ሲቀመጥ ማውሱን ወንዱ ይይዛል፤ ሴቷ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ማንም አላዘዘም፤ ማንም ግን አልከለከለም።

ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው፦ ማውሱን በየተራ አስይዙ። ከባዱን ጥያቄ ሴቷንም ጠይቁ፤ እስክትመልስም ታገሡ። ለሴቷ የይለፍ ቃሏን መጠበቅንና ጥቃት ሲደርስባት ማመልከትን፣ ለወንዱ የሰው ክብር መጠበቅን አስተምሩ። ይህን ለመጀመር በጀት አያስፈልግም፤ የእናንተ ቁርጠኝነት ይበቃል።