መኪናችን ስንት ኪሎ ይችላል?

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር፣ ገላን ኮንዶሚኒየም



የሒሳብ ሠራተኛ መድረክ ላይ ስትወጣ ሁሉም ስለ ብር የምትናገር ይመስለዋል። ዛሬ ግን የማወራው ስለ ኪሎ ነው። እንደምታውቁት በቁጠባችንና በለጋሾቻችን እርዳታ የገዛነውን ያገለገለ ሚኒባስ ተንቀሳቃሽ ምግብ ቤት ልናደርገው ወስነናል። ጠዋት ከገላን ተነስቶ ቱሉ ዲምቱ፣ አቃቂና ቃሊቲ እየቆመ ለሠራተኛው ቁርስና ምሳ ያቀርባል። የብየዳ ባለሙያው ንድፉን አምጥቷል፣ ዋጋውም ተነግሮናል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ይህ ሁሉ ዕቃ ሲገባበት መኪናው ስንት ኪሎ ይሆናል? የተፈቀደለትስ ስንት ነው?

እያንዳንዱ መኪና ሲሠራ ፋብሪካው አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ጠቅላላ ክብደት ይባላል። መኪናው ራሱ፣ ነዳጁ፣ ሰውና ዕቃው ተደምረው ከዚያ ቁጥር ማለፍ የለባቸውም። ከጠቅላላው ላይ ባዶ ክብደቱ ሲቀነስ የሚቀረው የመጫን አቅም ነው። ለኛ ለሒሳብ ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጠቅላላ ክብደት ማለት የጸደቀ በጀት ነው። ባዶ ክብደት አስቀድሞ የወጣ ወጪ ነው። የመጫን አቅም ደግሞ ቀሪ ሒሳብ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ የብር በጀት ቢያልቅ ተጨማሪ እንጠይቃለን፣ የኪሎ በጀት ግን ተጨማሪ የለውም።

የኛን መኪና የኋላ ወንበሮች አስወጥተን፣ ነዳጁን ሞልተን፣ ሰው ሳይኖርበት እዚሁ አካባቢ የጭነት መኪና በሚመዘንበት የመሬት ሚዛን ላይ አስመዘንነው። 1,760 ኪሎ ሆነ። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 2,800 ኪሎ ነው። ስለዚህ ለመጫን የቀረልን 1,040 ኪሎ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

አሁን ባለሙያው ያቀረበውን ንድፍ በኪሎ እንመንዝረው። ወለሉንና ግድግዳውን ለማልበስ 15 ካሬ ሜትር ባለ 2 ሚሊ ላሜራ ያስፈልጋል ብሏል። አንድ ካሬ ሜትር ባለ 2 ሚሊ ላሜራ ወደ 15.7 ኪሎ ስለሚመዝን 235 ኪሎ ይሆናል። ለመደርደሪያና ለማቀፊያ 8 ቱቦላሬ አለ፤ አንዱ ባለ 6 ሜትር ብረት 14 ኪሎ ገደማ ነው፣ ድምሩ 112። ለጠረጴዛና ለቁም ሣጥን 4 ወፍራም ቺፑድ፣ 140። ባለ 200 ሊትር ሮቶ ከነውኃው 208። ሁለት የጋዝ ሲሊንደር 54። ጄኔሬተርና ማቀዝቀዣ 145። ምድጃ፣ ምጣድ፣ ድስትና ሳህን 130። እንጀራ፣ ወጥና አምስት ሣጥን ለስላሳ 190። ሹፌሯን ጨምሮ አራት ሰው 260። ኪሎዋን መናገር ያልፈለገች አባል ካለች አትስጋ፣ ሁላችንንም በ65 ነው የያዝኩት።

ድምሩ 1,474 ኪሎ ነው። ያለን አቅም 1,040 ነው። 434 ኪሎ አልፈናል። ከአራት ኩንታል በላይ ማለት ነው፤ ያውም ገና አንድ ሳህን ምሳ ሳንሸጥ።

ባለፈው ስብሰባ አንዲት እትዬ ጥሩ ጥያቄ አንስተው ነበር። «ይኼ መኪና ታክሲ ሆኖ 12 ሰው ከነሹፌሩና ከነረዳቱ ሲጭን አልነበር? አራት ሴትና ድስት እንዴት ይከብደዋል?» አሉ። ሒሳቡን እንሥራው። 14 ሰው በ65 ሲባዛ 910 ኪሎ ነው። ያወጣናቸው ወንበሮች 130 ኪሎ ነበሩ። ሲደመር 1,040 ይመጣል። ሚኒባሱ በተፈቀደለት ሰው ልክ ሲሞላ ልኩ ላይ ነበር ማለት ነው። የኛ ንድፍ ግን 22 ሰው ከመጫን ይበልጣል። ደግሞም ተሳፋሪ ይወርዳል፣ የተበየደ ብረት ግን አይወርድም። ታክሲው ቀኑን ሙሉ እየሞላና እየጎደለ ይሠራል። የኛ መኪና ግን ሸክሙን ሌት ተቀን፣ ቆሞም ሄዶም ይሸከማል።

አንዳንዶቻችን የክብደት ቁጥጥር ሲባል የሚታየን ሞጆ ወይም ሆለታ ያለው የሚዛን ጣቢያ ነው፤ የከባድ መኪና ጣጣ ነው ብለን እናልፈዋለን። እነዚያ ጣቢያዎች በዋናነት የሚጠብቁት አስፋልቱን ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገ ትልቅ የመንገድ ሙከራ የታወቀ ነገር አለ። አንድ አክስል የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ አይሆንም፤ ወደ 16 እጥፍ ይደርሳል። የኛ ሚኒባስ አስፋልት አያፈርስም። የሚያፈርሰው ራሱን ነው፤ ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ የኋላ ባሌስትራውን። ከሁሉ በላይ ውስጡ የተቀመጡትን አራት ሴቶችና መንገድ የሚሻገረውን ሕፃን አደጋ ላይ ይጥላል።

ፍሬን የሚሠራው ለ2,800 ኪሎ ታስቦ ነው። በቀረበልን ንድፍ መኪናው 3,234 ኪሎ ሊሆን ነው። በዚያው ፍጥነት ሲሄድ ፍሬኑ ሊያቆመው የሚገባው ኃይል ከልኩ 15 በመቶ ይበልጣል። ቁልቁለት ላይ፣ ዝናብ በጣለበት ቀን፣ ያ 15 በመቶ ትንሽ ነገር አይደለም። ጎማም እንደዚሁ ነው። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ ይሞቃል፣ ነፋሱ ከጎደለ ደግሞ ይብስበታል፣ በፍጥነት ሲሄድ ይፈነዳል። ቅዳሜና እሑድ ከቱሉ ዲምቱ በሚጀምረው የአዳማ ፈጣን መንገድ ቢሾፍቱ ድረስ እንሂድ የሚል ሐሳብም ቀርቧል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ያን ሐሳብ የምንፈጽመው ግን ከልኩ በታች በሆነ መኪና ነው።

ሕጉንም እንይ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና እንዲመዘገብና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ቦሎ የምንለው የዚያ ምርመራ ምልክት ነው። የመኪናን አካል መለወጥም ባለቤቱ እንደ ፈለገ የሚያደርገው ነገር አይደለም፤ ሥራው ሳይጀመር ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ቀርቦ መፈቀድ፣ ለውጡም ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት። የሰው ማመላለሻ ተብሎ የተመዘገበ መኪና ወጥ ቤት ሆኖ ቢገኝ ወረቀቱና መኪናው አይገናኙም። በሒሳብ ቋንቋ መዝገቡና ካዝናው ተለያዩ ማለት ነው፤ ይህ ሲሆን ምን እንደሚከተል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኢንሹራንስ ውላችንንም አንብቡት። ከተፈቀደው በላይ በጫነ መኪና ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቅ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ውል ከመፈረማችን በፊት ለውጡንና አዲሱን ክብደት በጽሑፍ እናሳውቃለን።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ቫን ገዝተው አልጋና ወጥ ቤት ሠርተውበት ለእረፍት የሚጓዙ ብዙ ሰዎች አሉ። በብዙዎቹ አገሮች በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳ መኪና ወሰኑ 3,500 ኪሎ ሆኖ ኖሯል። እነርሱም የሚጨነቁት እንደኛው ነው፤ ውኃውን ስንት ሊትር እናድርገው፣ እንጨቱን እናሳሳው ወይ ይላሉ። ከውጭ የምትደግፉን እህቶች ይህን ሳታዩት አትቀሩም።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ከባለሙያው ጋር ተቀምጠን ንድፉን መስመር በመስመር ከለስነው።

ላሜራው በአሉሚኒየም ይተካ። ያው 15 ካሬ ሜትር፣ ያው 2 ሚሊ ውፍረት፣ ክብደቱ 81 ኪሎ ብቻ ነው። 154 ኪሎ ተረፈ። ቱቦላሬው ከ8 ወደ 5 ይውረድ፣ 42 ተረፈ። ቺፑዱ በስስ ኮምፔንሳቶ ይለወጥ፣ 76 ተረፈ። ሮቶው ይቅርና 3 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንያዝ፣ 145 ተረፈ። ጄኔሬተሩና ማቀዝቀዣው ቀርተው የበረዶ ሣጥንና ለመብራት የሚሆን ባትሪ ይግቡ፣ 110 ተረፈ። ምግቡ ጠዋት ተሠርቶ ስለሚወጣ የሚቀዘቅዘው ለስላሳ ብቻ ነው።

በጠቅላላ 527 ኪሎ ቀነስን። ጭነታችን 947 ኪሎ ሆነ፣ መኪናው ተሞልቶ 2,707። 93 ኪሎ መጠባበቂያ አለን። ከአራቱ ሠራተኞች አንዷንም አልቀነስንም፤ ይህን መኪና የገዛነው ለእነርሱ ነውና። አሉሚኒየም ከላሜራ ይወደዳል፣ እውነት ነው። ልዩነቱን ለጄኔሬተርና ለማቀዝቀዣ ከተያዘው ብር እንሸፍነዋለን፤ ከአባላት ተጨማሪ መዋጮ አልጠይቅም።

መጠባበቂያው አይነካ። የመሬት ሚዛን ለከባድ መኪና የተሠራ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ወይም በ20 ኪሎ እየዘለለ ነው የሚያነበው። ምስማሩ፣ ማጣበቂያው፣ ሽቦውና ቀለሙም ተደምረው ኪሎ ይሆናሉ፤ በንድፍ ላይ ግን ማንም አይጽፋቸውም።

ድምሩ ልክ ሆነ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ክብደቱ የት እንደሚያርፍም ይታያል። የፊት እግርና የኋላ እግር እያንዳንዳቸው የራሳቸው ልክ አላቸው። ከባዱን ዕቃ ሁሉ ከኋላ እግር በስተጀርባ በሩ ጋ ብንከምረው የፊቱ ይቀላል፣ መሪው ይላላል። ስለዚህ ጋዙና ውኃው ወደ መሐል፣ ዝቅ ብለው ይታሰሩ። ምድጃው በግራ ከሆነ የለስላሳው ሣጥን በቀኝ ይሁን። ጣሪያ ላይ ምንም አይጫን። ሥራው ሲያልቅም ሦስት ጊዜ እናስመዝናለን፤ መጀመሪያ የፊቱን እግር ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጥተን፣ ቀጥሎ የኋላውን ብቻ፣ በመጨረሻ ሙሉውን።

ስለ ውኃ አንድ ነገር ልጨምር። ንጹሑ ውኃ ሳህን ካጠበ በኋላ እጣቢ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ወጪ አልሆነም። እጣቢውን ሳንደፋ ጀሪካኑን ከሞላን ሸክሙ እጥፍ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ በሚገባው ቦታ ይደፋ፣ ከዚያ ይሞላ።

ለሁሉም የሚሆን አንድ የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለመኪናው ከብር መዝገቡ ሌላ የኪሎ መዝገብ ይከፈትለት። ማንም ሰው፣ ሊቀመንበሯም ብትሆን፣ ሳይመዘንና ሳይጻፍ ዕቃ አታስገባ። በየስድስት ወሩ መኪናው ባዶውን ይመዘን፤ ቁጥሩ ከመዝገቡ ከበለጠ የተረሳው ዕቃ ተፈልጎ ይውጣ። ቤታችሁን አስቡት፤ ከዓመት ዓመት ዕቃ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አናይም። መኪናም እንደዚያው ነው።

ለለጋሾቻችን ደግሞ በትሕትና የምለው አለኝ። ትልቅ ምድጃ፣ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ልትልኩልን ያሰባችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን ከመላካችሁ በፊት ኪሎውን ንገሩን። 80 ኪሎ የሚመዝን ስጦታ ተቀብሎ ከመኪናው አንዲት እናት ማስወረድ ለእናንተም ለእኛም ደስታ አይሆንም። የአሉሚኒየሙን ልዩነት ብታግዙን፣ ወይም አራት አዳዲስ ጎማ ብትገዙልን፣ ያ ለኛ ትልቅ ስጦታ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ይህን ተረት በየስብሰባው እንጠቅሰዋለን። ሚኒባሳችን ግን አንድ ነው፤ ሎሚውን የሚያካፍለው ሌላ ትከሻ የለውም። ለእርሱ ሎሚውን መቁጠር የእኛ ሥራ ነው።

የተሻሻለው ንድፍና የኪሎ መዝገቡ ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ አለ። አንብቡት፣ ጠይቁ፣ አስተካክሉ። ከዚያ ድምፅ እንስጥና ፈቃዱን ለመጠየቅ ማመልከቻውን እናስገባ። ብየዳው ከፈቃዱ በኋላ ይደርሳል።