ዘካና የሰው ክብር
(ለመስጊዱ ጀመዓ የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።



ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ምድር አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ያለ በቂ ዝናብ አለፉ። ከብቱ አለቀ፤ ዘካ ያወጣ የነበረው ዘካ ተቀባይ ሆነ። አባቶቻችን ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሳው እንስሳ አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የተባለ ሥርዓት አላቸው። መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን በችግር ጊዜ የተካፈልን ሰዎች በደህናው ጊዜ እኩል እንቀመጣለን ወይ?

ቢላዋችንንና መጥረቢያችንን የሚሠራልን ቱምቱ፣ አባቶቹ አዳኝ የነበሩት ዋታ፣ አያቱ በባርነት የተሸጠበት ወንድማችን በሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን አብረን እንሰግዳለን። ልጃችንን ለኒካሕ ሲጠይቅ ግን «ዘሩ ምንድን ነው?» እንላለን። ስሙ በዘካ ተቀባዮች ዝርዝር ላይ ይጻፋል፤ ዝርዝሩን የሚያወጣው ኮሚቴ ሲመረጥ ግን ማንም አይጠቁመውም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ሰውየውን ነፃ አወጣው፤ የእኛ አንደበት ግን ዛሬም በአያቱ ስም ይጠራዋል።

ወንድሞቼ፣ ከአርባ ፍየል አንዷ፣ ከሠላሳ ከብት አንድ ጥጃ፣ ዓመት ከሞላው ገንዘብም ከመቶ ሁለት ተኩል የምናወጣው የእኛ ስጦታ አይደለም። በሱረቱል መዓሪጅ እንደተነገረን የድሃው የታወቀ መብት ነው። በሱረቱ ተውባ ከተዘረዘሩት ስምንቱ የዘካ ድርሻዎች አንዱ ባሪያን ነፃ ለማውጣት የሚውል ነው። ስለዚህ ዘካ ሆድን ለመሙላት ብቻ ሳይሆን የወደቀን ሰው ለማቆምም የታዘዘ ነው። ሰጥቶ መመጻደቅና ተቀባዩን ማስከፋት ምጽዋትን እንደሚያበላሽም በሱረቱል በቀራህ ተነግሮናል።

የቁረይሽ ባላባቶች ከነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ጋር ሳሉ ዓይነ ስውሩ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ሊማር መጣ። አላህም በባላባቶቹ ምክንያት የእርሱ ጉዳይ ወደ ኋላ እንዳይባል በሱረቱ ዐበሰ አስተማረ። ይህ ሰው ኋላ በመዲና ሙአዚን ሆነ፤ ነቢዩም ለጉዞ ሲወጡ ከተማይቱን በኃላፊነት ትተውለት የሄዱበት ጊዜ አለ። ምጽዋት ብቻ አልተሰጠውም፤ አደራም ተሰጥቶታል።

እንግዲህ ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ ዘካ በሚከፋፈልበት ኮሚቴ ውስጥ እነዚህ ወገኖቻችን ይመረጡ። ሁለተኛ፣ ለባለሙያው ከስፍር እህል ይልቅ ብረትና ከሰል የሚገዛበት ገንዘብ እንስጠው፤ የሠራልንንም ዕቃ ሳናዋርድ በተገቢው ዋጋ እንግዛው። ሦስተኛ፣ ለኒካሕ ለመጣ ሰው ዲኑንና ጠባዩን እንጠይቅ፤ የአያቱን ሙያ እንተወው። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብደናል፤ ገንዘብ መስጠት ከዚህ ይቀላል።

አላህ ልባችንን ያስተካክልልን፤ ዘካችንን ይቀበለን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።