ቀለበቱ የማያሻግረው



አዘጋጆቹ ስለ ፊልም ካሜራ ትንሽ ተናገር ሲሉኝ፣ ዕዳዬን የምከፍልበት ዕድል ነው ብዬ እሺ አልኩ። ከሰባት ዓመት በፊት በተገናኘን ዕለት ያነሳሁት የጋራ ፎቶ ለምን እንዳልደረሳችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔም «ፊልሙ ተበላሽቶ ነው» እያልኩ አልፌአለሁ። ፊልሙ ምንም አልሆነም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ሌንሱ የእኔ አልነበረም። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከሄዱት አንዱ የነበረው ጓደኛችን ከድሬዝደን ይዞት የመጣ ነው፤ ለፔንታኮን ሲክስ ካሜራ የተሠራ 80 ሚሊ ሜትር ቢዮሜታር። ካሜራው ቤት ሲቀይሩ ጠፍቶ፣ ሌንሱ ብቻውን በካልሲ ተጠቅልሎ ቀርቷል። «እንካ፣ አንተ ካሜራ አለህ፤ በዚህ አንሳን» ብሎ ሰጠኝ።

የእኔ ካሜራ ማሚያ 645 ነው። የአንዱ ሌንስ ለሌላው ይሆን እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ የሚታየው ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት ነው። በፔንታኮን ሲክስ 74.1 ሚሊ ሜትር፣ በማሚያ 645 ደግሞ 63.3 ነው። የልዩነቱን ያህል፣ 10.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት በመሀል ሲገባ ሌንሱ የለመደውን ርቀት ያገኛል፤ የእንጦጦን ጋራ እንኳ ጥርት አድርጎ ያሳያል።

በሁሉም ካሜራ ላይ ግን እንዲህ አይሆንም። ፔንታክስ 67 ላላችሁ፣ የዚያ ርቀት 85 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሌንስ እዚያ ላይ ቢታሰር ከፊልሙ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቅና፣ ከሌንሱ 67 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወዲያ ያለውን ሁሉ ያደበዝዛል። ቀለበት ርቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሁለተኛው ጥያቄ መዝጊያው የት ነው የሚለው ነው። በማሚያ 645 በካሜራው ውስጥ ስለሆነ ችግር የለም። በሃሰልብላድ 500 ግን መዝጊያው ያለው በሌንሱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የጓደኛችን ሌንስ እዚያ ላይ አይሠራም።

ይህን ሁሉ አስልቼ ነበር። የረሳሁት ሦስተኛውን፣ የብርሃን ቀዳዳውን ነው። ሌንሱ በራሱ ካሜራ ላይ ሳለ፣ ስናነሳ ካሜራው አንዲት ፒን ገፍቶ ቀዳዳውን ያጠበዋል። የእኔ ቀለበት ያንን ግፊት አያሻግርም። በሌንሱ ጎን ያለችው መቀየሪያ ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል መዞር ነበረባት። እኔ ብርሃኑን ለክቼ፣ 11 ላይ አድርጌ በኩራት አነሳሁ፤ ቀዳዳው ግን 2.8 ላይ እንደተከፈተ ነበር። የገባው ብርሃን ከታሰበው 16 እጥፍ ሆነ።

እሱስ ባልከፋ፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም ብዙ ይችላል። የከፋው የፊተኛው ረድፍ ጥርት ብሎ የኋለኛው መደብዘዙ ነው። ጓደኛችን ደግሞ ረጅም ስለነበር የቆመው ከኋላ ነበር። በገዛ ሌንሱ እሱኑ አደበዘዝኩት፤ 15ቱም ፍሬም እንዲሁ ነው።

ለእሱም ማሳየት አፈርኩ። «በሚቀጥለው ስንገናኝ አስተካክዬ አነሳለሁ» እያልኩ ሳዘገይ፣ ባለፈው ዓመት አረፈ። ለቅሶ ስደርስ ልጁ ከእኛ ጋር የተነሳው ፎቶ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። አትሜ ወሰድኩላት። ገና ስታየው፣ «አባዬ ነው፤ አቋቋሙን አላጣውም» አለች። ሌንሱን ልመልስላት ብል፣ «የዛሬ ዓመት ስትገናኙ አንሳበትና ከዚያ ትሰጠኛለህ» አለችኝ።

እንግዲህ የሌላ ካሜራ ሌንስ ለምትሞክሩ ምክሬ አጭር ነው። ቀለበቱ ሌንሱን ይይዛል፤ ካሜራው ይሠራው የነበረውን ሥራ ግን ለእናንተ ይተወዋል። ከማንሳታችሁ በፊት ሌንሱን ከፊት ለፊት ተመልከቱት፤ 11 ላይ ሆኖ ቀዳዳው ካልጠበበ አታንሱ። ከተበላሸም ሳትውሉ ሳታድሩ ለባለቤቱ አሳዩት።

ከምሳ በፊት ደረጃው ላይ እንሰበሰባለን። መቀየሪያዋን ዛሬ ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ። ረጃጅሞቹ፣ እንደ ልማዳችሁ ከኋላ ቁሙ።