የመታወቂያ ቁጥራችንና የንግድ ድርጅቶች፦ ስም ወይስ ቁልፍ?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት የተደረገበት)



ንግግሬን በኑዛዜ ልጀምር። በመምህርነት ሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት የፈተና ውጤት የምናሳውቀው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በመለጠፍ ነበር። የተማሪን ስም ከነውጤቱ አደባባይ ማውጣት ነውር ሆኖ ስለታየኝ፣ ስሙን አስቀርቼ የመታወቂያ ቁጥሩን ብቻ እጽፍ ነበር። በዚህም የተማሪዎቼን ገመና የሸፈንኩ መስሎኝ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አገኘኝና፣ «መምህር፣ እኛ እኮ ቁጥሩን አይተን ስም እንጠራ ነበር» አለኝ። ቁጥሩ የሚሰጠው በስም የፊደል ተራ ስለነበር፣ የራሱን ቁጥር የሚያውቅ ተማሪ የጓደኛውን ለማወቅ አይቸገርም። አንዲት ተማሪ በእኔ ኮርስ «ኤፍ» ማግኘቷን ከእርሷ ቀድመው የክፍል ጓደኞቿ እንዳወቁ የነገረኝም ያን ዕለት ነው። እኔ መጋረጃ ነው ያልኩት ቁጥር ለካ መስታወት ኖሯል።

ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር ሁሉ ከዚህ ስሕተቴ የሚመነጭ ነው። የመታወቂያ ቁጥር ስም ነው። ስም የሚወጣው ሊጠሩበት ነውና ምስጢር ሆኖ ሊኖር አይችልም። ቁልፍ ግን ባለቤቱ ብቻ የሚይዘው ነገር ነው። ቁጥራችንን ለንግድ ድርጅቶች ስንሰጥ ሁለት ዓይነት አደጋ ይከተላል። አንደኛው፣ ድርጅቱ ስማችንን እንደ ቁልፍ ቆጥሮ፣ ቁጥሩን ለጠራለት ሰው ሁሉ በራችንን ሲከፍት ነው። ሁለተኛው፣ ባንኩም፣ ክሊኒኩም፣ ሱቁም በአንድ ቁጥር ሲመዘግቡን፣ ተበታትነው የነበሩት መዛግብት በቀላሉ የሚገጣጠሙ መሆናቸው ነው።

ይህን ስል ቁጥር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም እንደ እኛ አገር ቁጥር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ሦስቱም ስማቸው የሚመሳሰል ደንበኞች ቢገኙ ማንም አይደነቅም። ያው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ፣ አንዱ ሰው በትምህርት ማስረጃው፣ በፓስፖርቱና በባንክ ደብተሩ ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ ቁጥር ይህን እውነተኛ ችግር ለመፍታት የሚረዳ ነው። ጥያቄዬ ቁጥሩ ከተሰጠን በኋላ በማን እጅ፣ ለምን ጉዳይና ለስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው።

ከእኛ ቀድመው በዚህ መንገድ የሄዱ አገሮች የከፈሉትን ዋጋ እንመልከት።

በአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ ዓላማው የሠራተኛውን ገቢ ለጡረታ መብቱ ሲባል መመዝገብ ብቻ ነበር። በ1938 በኒው ዮርክ ግዛት ሎክፖርት ከተማ የሚገኝ አንድ የቦርሳ አምራች፣ ካርዱ በቦርሳው ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማሳየት የናሙና ካርድ አሳትሞ በየቦርሳው ከተተ። በናሙናው ላይ የሰፈረው ግን የድርጅቱ ጸሐፊ እውነተኛ ቁጥር ነበር። ካርዱ ከእውነተኛው መጠኑ ያነሰ፣ ናሙና መሆኑም የተጻፈበት ቢሆንም፣ ብዙ ገዢዎች ቁጥሩን የራሳቸው አድርገው ወሰዱት። በ1943 ብቻ 5,755 ሰዎች ይጠቀሙበት ነበር፤ በጠቅላላው ከ40,000 በላይ ሰዎች የእኔ ነው ብለው አስመዝግበውታል። ታሪኩ ያስቃል፤ ትምህርቱ ግን ከባድ ነው። ቁጥር መጥራት ማንነትን እንደማያረጋግጥ ገና በጠዋቱ ታይቶ ነበር።

ከ1946 ጀምሮ በካርዱ ላይ ለመታወቂያነት እንደማያገለግል የሚገልጽ ቃል ይታተም ነበር። በ1972 ያ ቃል ቀረ። ባንኮች፣ ብድር ሰጪዎች፣ የስልክ ድርጅቶችና ቤት አከራዮች ቁጥሩን መጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ የሚጠራላቸውን ሰው የቁጥሩ ባለቤት አድርገው መቀበል ለመዱ። ስሙ ቁልፍ ሆነ። በ2017 ኤኩዊፋክስ ከተባለው የብድር መረጃ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ሲዘረፍ፣ ከተዘረፈው ዋነኛው ይኸው ቁጥር ነበር። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ለዚያ ድርጅት ቁጥራቸውን በእጃቸው ሰጥተው አያውቁም። ለሌላ የሰጡት ነው ተላልፎ እዚያ የተከማቸው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ በአምስት ደቂቃ ይለወጣል። ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ቁጥር ሲሰረቅ ግን ጉዳቱም ዕድሜ ልክ ሊከተል ይችላል።

የደቡብ ኮሪያ ታሪክ ሌላ ገጽታ ያሳየናል። የዚያ አገር ነዋሪ ቁጥር 13 አሃዝ ሲኖረው፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ከቁጥሩ ላይ ይነበባል። በ2014 የአንድ የብድር ምዘና ድርጅት ሠራተኛ ከሦስት የካርድ ኩባንያዎች የ20 ሚሊዮን ያህል ደንበኞችን መረጃ ቀድቶ መሸጡ ታወቀ። ይህን ያደረገው ከሩቅ አገር የመጣ ጠላፊ አልነበረም፤ ሥራው ራሱ መረጃውን ለማየት የሚያስችለው ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ድርጅቶች ያንን ቁጥር እንዳይሰበስቡ የሚከለክለው ድንጋጌ ሥራ ላይ ዋለ። ኮሪያውያን የደረሱበት መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ ያልተሰበሰበ መረጃ አይሰረቅም።

በሕንድ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመስከረም 2018 (እ.ኤ.አ.) 12 አሃዝ ያለውን የአድሃር መታወቂያ ሥርዓት በመሠረቱ ሲያጸና፣ የግል ድርጅቶች በውል ብቻ ቁጥሩን እንዲጠቀሙ የሚፈቅደውን ክፍል ሻረው። በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ ባንኮችና የስልክ ድርጅቶች በደንበኛው ፈቃደኝነት እንዲጠቀሙበት ተፈቅዷል። በዚያው በ2018 ዋናውን ቁጥር ሳይሰጡ መገልገል የሚያስችል 16 አሃዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥር ሥራ ላይ ውሏል።

የሕንድን ነገር ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ፋይዳ የታነጸበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር የተወለደው ባንጋሎር ነው። በእኛም አገር ከ12 አሃዙ መለያ ቁጥር ሌላ፣ 16 አሃዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥር አለ። ማረጋገጥ ሲያስፈልግ ደግሞ በስልክ የሚላክ የአንድ ጊዜ ኮድ ወይም የጣት አሻራ አለ። እንግዲህ ስምና ቁልፍ በንድፉ ላይ ተለያይተዋል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ስም ነው፣ ኮዱና አሻራው ቁልፍ ናቸው። ስለዚህም «ከባንክ ነው የምደውለው፤ አሁን የደረሰህን ኮድ ንገረኝ» የሚል ሰው ስማችሁን አይደለም የጠየቀው፤ ቁልፋችሁን ነው።

ነገር ግን ንድፍ አንድ ነገር ነው፤ ልማድ ሌላ። የእኛ ልማድ ፎቶ ኮፒ ነው። ሲም ካርድ ለማውጣት፣ ቤት ለመከራየት፣ ሆቴል ለማደር፣ ዕቃ በዱቤ ለመውሰድ፣ ዋስ ለመሆን፤ በየሄድንበት «ኮፒውን ትተህ ሂድ» እንባላለን። አንዳንድ ሕንፃ ስንገባ ደግሞ መታወቂያችንን ጥበቃ ጋ አስይዘን ነው። ኮፒው ማንነታችንን አያረጋግጥም፤ በእጁ ያስገባው ሰው ሁሉ መልሶ ሊያቀርበው ይችላልና። በሥርዓቱ በኩል የሚደረግ ማረጋገጫ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ሰጥቶ ሊያበቃ ይችላል። ኮፒው ግን በካርቶን ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፤ ቢሮው ሲዛወር የት እንደሚደርስ የሚጠይቅ የለም። በኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የቀረውንም የሚቆጥር የለም።

«እኔ የምደብቀው የለኝም» የሚለውን ክርክር ከተማሪዎቼ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። መልሴ ከራሳችን ቋንቋ የተወሰደ ነው። አማርኛ ምስጢር የሚልና ገመና የሚል ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። ገመና የሌለው ቤት የለም፤ መጋረጃ የሰቀለም ሁሉ ወንጀል የሸሸገ አይደለም። ደግሞም ዛሬ የማይጎዳ መረጃ ነገ ሊጎዳ ይችላል። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ እንደነበር የምታስታውሱ፣ የዚያ ካርድ ኮፒ ሲሰጥ የነበረው ጊዜና በኋላ የመጣው ጊዜ አንድ እንዳልነበረ ታውቃላችሁ። ፋይዳ ይህንን መረጃ ከነጭራሹ አለመመዝገቡ ሊመሰገን ይገባዋል። አሮጌዎቹ ኮፒዎች ግን ዛሬም በየመሳቢያው አሉ።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበር መብት ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ፣ መረጃ ሰብሳቢው ዓላማውን በግልጽ እንዲያስታውቅ፣ ለዚያ ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበስብ፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳያቆይና በእጁ ያለውን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ ማለት ባንክ ሒሳብ ስትከፍቱ የፋይዳ ቁጥር መጠየቁ አግባብ ነው፤ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተደገፈ ግዴታ ነውና። የቅናሽ ካርድ የሚሰጥ ሱቅ ወይም የስፖርት ማዘውተሪያ ያንኑ ቁጥር ሲጠይቅ ግን «ለምን ዓላማ?» ብሎ መጠየቅ ክርክር ወዳድነት አይደለም፤ ሕጉን በሥራ ማዋል ነው።

በእርግጥ ጥያቄውን የሚጠይቀው ሰው አቅም እኩል አይደለም። እኔ ጸጉሬ የሸበተ መምህር ነኝና ብጠይቅ ይታገሡኝ ይሆናል። ሥራ ፍለጋ የመጣች ወጣት ወይም ቤት ያጣ ተከራይ «ኮፒውን አልተውም» ቢል በሩ ይዘጋበታል። ስለዚህ ጥበቃውን በግለሰቡ ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይደለም። መጀመር ያለበት ቅጹን ከሚያዘጋጀው ክፍል ነው።

ተማሪዎቼ፣ ቅጹን ነገ የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። የዳታ ቤዝ ሠንጠረዥ ስትነድፉ የመታወቂያ ቁጥርን የሠንጠረዡ ዋና መለያ አታድርጉት፤ ለድርጅታችሁ የራሱን የደንበኛ ቁጥር ፍጠሩለት። የሕግ አማካሪ ስትሆኑ፣ እያንዳንዱ መረጃ መቼ እንደሚወገድ በጽሑፍ ሳይወሰን እንዳይሰበሰብ ምከሩ። የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ ስትሆኑ፣ ቁጥሩን ስለጠራ ብቻ ለማንም የሰው ሒሳብ አትክፈቱ።

እኛ መምህራንም ከዚህ አናመልጥም። ወደዚህ አዳራሽ ስመጣ በአንድ ቢሮ በር ላይ የተማሪዎች ዝርዝር ተለጥፎ አየሁ፤ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የስልክ ቁጥር ጎን ለጎን። የለጠፈው ሰው በክፋት እንዳላደረገው አውቃለሁ፤ እኔም በክፋት አልነበረም። ከዚህ ስንወጣ ያንን ወረቀት ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሬ አስነሣለሁ። ለዚያች ተማሪ ያላደረግኩላትን ቢያንስ ለእነዚህ ላድርግላቸው።