የሞገዶች ድምርና የሊቃውንት ክርክር



ሒሳብ ክርክር የማያውቅ፣ ሁለትና ሁለት አራት ብሎ ተማሪውን የሚያሰናብት ትምህርት ነው የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። የሳይን ሞገዶች ድምር ታሪክ ግን ይህን እምነት አያጸናም። በዚህ አንድ ጉዳይ የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል፤ ስመ ጥር ከሆኑትም መካከል የተሳሳቱ አሉ። ክርክሩ ያስገኘው ትምህርት ዛሬም በመሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ ስላለ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ይገባል።

መነሻው የክር ንዝረት ነበር። እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ክር የሚያሳየው ንዝረት ሁሉ የሳይን ሞገዶች ድምር ነው ሲል ዳንኤል በርኑዪ እ.ኤ.አ. በ1753 ሐሳብ አቀረበ። ኦይለርና ዳላምበር ግን ከእነዚህ ለስላሳ ሞገዶች ማናቸውም ዓይነት ቅርጽ ሊገኝ አይችልም በማለት አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1807 ፉሪየ ስለ ሙቀት መተላለፍ ባቀረበው ጥናት ያንኑ ሐሳብ አስፍቶ ሲያነሳው፣ አንጋፋው ላግራንዥ ተቃወመው። የፉሪየ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1822 ሲሆን፣ ድምሩ በምን ሁኔታ ወደ ተፈለገው ቅርጽ እንደሚደርስ ዲሪክሌ በጥብቅ ማረጋገጫ ያሳየው በ1829 ነው። በዚህም ክርክሩ ያበቃ መሰለ፤ ነገር ግን አላበቃም።

የቀረው ችግር በቀላል ምሳሌ ይታያል። ከዜሮ በላይ 1፣ ከዜሮ በታችም 1 እያለ በድንገት የሚዘል ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ ይታሰብ። መሠረታዊው ሞገድ በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መረብ እንዳለው 50 ኸርዝ ቢሆን፣ የሚጨመሩት ሞገዶች ድግግሞሽ 150፣ 250፣ 350 እያለ ይቀጥላል፤ ቁመታቸውም የመሠረታዊው አንድ ሦስተኛ፣ አንድ አምስተኛ፣ አንድ ሰባተኛ እየሆነ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሞገድ ብቻውን ጫፉ 1.273 ነው። ሁለት ሞገዶች ሲደመሩ ጫፉ 1.200፣ ሦስት ሲደመሩ 1.188 ይሆናል። ይህን የተመለከተ ሰው፣ «ቁጥሩ እየወረደ ነው፤ በመጨረሻ 1 ላይ ይደርሳል» ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና አይደርስም። ሞገዶቹ ሺህም ይሁኑ ሚሊዮን፣ ጫፉ ከ1.179 በታች አይወርድም። ትርፉ ከጠቅላላው ዝላይ መቶ እጅ ዘጠኝ ያህል ነው።

ታዲያ ሞገድ ሲጨመር የሚለወጠው ምንድን ነው? የጫፉ ቦታ ነው። በአንድ ሞገድ ጊዜ ጫፉ ከዝላዩ 90 ዲግሪ ይርቃል፤ በሁለት 45፣ በሦስት 30፣ በሰማንያ ሞገዶች ደግሞ 1.125 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ከዝላዩ ውጭ አንድ የተወሰነ ነጥብ ይዞ ለሚጠብቅ ሰው ጫፉ አልፎት ይሄዳል፤ ድምሩም በዚያ ነጥብ ላይ ወደ 1 ይቀርባል። ጫፉን ራሱን ለሚከተል ሰው ግን ትርፉ መቼም አይጠፋም። ሁለቱም ሰዎች እውነት ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1898 በጋዜጣ ደብዳቤ የተካሄደው ሙግት መሠረቱ ይኸው ነበር። የብርሃንን ፍጥነት በመለካት የታወቀው አሜሪካዊው ፊዚሲስት ማይክልሰን፣ በዚያው ዓመት ከስትራተን ጋር ሆኖ ሰማንያ ሞገዶችን በምንጭ ብረትና በዘንግ ደምሮ በወረቀት ላይ የሚስል መሣሪያ ለንባብ አብቅቶ ነበር። «ኔቸር» ለተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት በጻፈው ደብዳቤም፣ ያልተቋረጡ ሞገዶች ተደምረው የተቋረጠ ቅርጽ ያስገኛሉ የሚለውን የመጻሕፍት አባባል ተቃወመ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ላቭ ደግሞ፣ ማይክልሰን የድምሩን ትርጉም አዛብቷል ሲል መለሰ።

በመካከላቸው የገባው የዬል ዩኒቨርሲቲው ጊብስ ነው። ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1863 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የምህንድስና ዶክትሬት የተቀበለ፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም በማርሽ ጥርሶች ቅርጽ ላይ የሠራ ሰው ነበር። እርሱም የድምሩ ወሰን የሚሰጠው ሥዕልና የሥዕሎቹ ወሰን አንድ እንዳልሆኑ አስረዳ። ነገር ግን በዚያው ደብዳቤ ራሱ ተሳሳተ፤ ትርፉን ሳያየው አለፈ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1899 በዚያው መጽሔት ስህተቱን አረመ፤ በመጋዝ ጥርስ ቅርጽ ምሳሌው ሥዕሉ የሚደርሰው 3.14 ላይ ሳይሆን 3.70 ላይ መሆኑን ገለጸ። ክስተቱም በስሙ ተጠራ። ሆኖም ዊልብረሃም የተባለ እንግሊዛዊ ይህንኑ ትርፍ ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1848 አስልቶ አሳትሞት ነበር፤ ሥራው ግን ሳይታወስ ቀርቷል።

ይህ ታሪክ ለመሐንዲስ የሚያቀብለው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ ስህተት በምን ይለካል የሚለው ነው። በአማካይ ኃይል ከተለካ፣ ሞገድ በተጨመረ ቁጥር ስህተቱ ያለ ገደብ ያንሳል፤ ትርፉ እየጠበበ ስለሚሄድ የሚይዘው ኃይል ከቁጥር አይገባም። በከፍተኛው ልዩነት ከተለካ ግን ስህተቱ ባለበት ይቆያል። ሽቦ ምን ያህል እንደሚሞቅ ለሚያሰላ ሰው የመጀመሪያው መለኪያ ይበቃዋል። የመሣሪያው ውጤት ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ ኃላፊነት ያለበት ሰው ግን በዚያው መለኪያ ቢተማመን ይታለላል።

ጉዳቱ በሕክምና መሣሪያም ይታያል። በማግኔት ኃይል የሰውን አካል የሚያነሳው የኤምአርአይ መሣሪያ ምስሉን የሚገነባው ከተወሰኑ ሞገዶች ድምር ነው። ስለሆነም ሁለት የአካል ክፍሎች በሚዋሰኑበት ስፍራ በአካሉ ውስጥ የሌሉ መስመሮች በምስሉ ላይ ይታያሉ። በአከርካሪ ሰረሰር ምስል ላይ እነዚህ መስመሮች በሰረሰሩ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ጉድጓድ ያለ ሊያስመስሉ ይችላሉ። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም የሞገድ ድምርን ጠባይ ካላወቀ ጤነኛውን ሰው ሕመምተኛ ሊያደርገው ይችላል።

መፍትሔው አልጠፋም። ድምሮቹን በየደረጃው አማካይ እያወጡ መውሰድ ትርፉን እንደሚያስወግድ የሃንጋሪው ፌየር እ.ኤ.አ. በ1900 አሳይቷል። ዋጋው ግን አለ፤ ስለታሙ ጠርዝ ይደነዝዛል። ትርፉንና ድንዛዜውን አመዛዝኖ የመምረጡ ኃላፊነት የመሐንዲሱ ነው።

በሙያ ስብሰባ ላይ ሁለት የተማሩ ሰዎች በአንድ ስሌት ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ ከሁለቱ አንዱ አላዋቂ ነው ብሎ መቸኮል የተለመደ ነው። ማይክልሰንና ላቭ ሁለቱም አዋቂዎች ነበሩ፤ ያልተስማሙት ግን «ድምር» የሚለውን ቃል በሁለት ፍች ይዘው ስለተነጋገሩ ነው። ክርክሩን ያራመደው ሰው ደግሞ ቃሉን ለይቶ የተረጎመው፣ የራሱንም ስህተት በተሳሳተበት አደባባይ ያረመው ነው።