የሸመገለው ኮከብና የሒሳብ መዝገቡ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ የንግግሬን ርእስ ለምርጫዬ በተወልኝ ጊዜ፣ አብዛኞቻችሁ ስለ ግብር ሕግ ወይም ስለ ሒሳብ ምርመራ ደንብ እንደምናገር ሳትገምቱ አልቀራችሁም። እኔ ግን ዛሬ ፊታችሁ የቆምሁት ስለ እግር ኳስ ለመናገር ነው። ኳስ የማይወድ ባልደረባ በመካከላችን ቢኖር ይቅርታውን እለምናለሁ፤ ነገሩ መጨረሻው ከእኛው ሙያ ደጃፍ የሚያደርስ ስለሆነ ጥቂት ይታገሠኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ክለብ የቦርድ አባል ሆኜ የሒሳቡን ጉዳይ እከታተል ነበር። የቡድናችን አምበል 33 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ውሉ ሊያበቃም የቀረው ሁለት ወር ብቻ ነበር። ውሉ ይታደስለት ወይስ ይሰናበት የሚለው ጉዳይ ለቦርዱ በቀረበ ጊዜ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው «እስቲ ሒሳቡ ምን ይላል?» አሉ። ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቼ መጣሁ። በግራ በኩል የሰውየው ደመወዝና የፊርማ ገንዘብ፣ በቀኝ በኩል የተሰለፈባቸው ደቂቃዎችና ያገባቸው ጎሎች ሰፍረው ነበር። ከግርጌው አንዱን ለሌላው አካፍዬ የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ስንት እንደሚያስወጣን አሳየሁ፤ በአጠገቡም የአንድ የ22 ዓመት ወጣት ተጫዋች ወጪ በተመሳሳይ ስሌት አሰፈርሁ። በድምሩ ላይ የአንዲት ሳንቲም ስሕተት አልነበረም። ቦርዱ በዚያ ወረቀት ተደግፎ አምበሉን አሰናበተ፤ ድምፅ ሲሰጥም እኔ እጄን አወጣሁ። የዛሬው ንግግሬ የዚያ ወረቀት ነገር ነው። ወደ እርሱ ከመመለሴ በፊት ግን፣ ይኸው ጥያቄ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን እንዴት እንደተፈታ አንድ ታሪክ እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

ታሪኩ የእንግሊዛዊው የስታንሊ ማቲውስ ነው። ማቲውስ በ1915 በሸክላ ሥራ በታወቀው በስቶክ አካባቢ ተወልዶ፣ በዚያው በስቶክ ሲቲ ክለብ ያደገ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነበር። ገና በጉልምስናው፣ በ1938 ክለቡን ልልቀቅ ብሎ ባመለከተ ጊዜ ከ3 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ የተቃውሞ ስብሰባ አድርጎ አስቀረው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሊጉ ከ1939 እስከ 1946 ተቋረጠ። አንድ ተጫዋች የጉብዝናው ወራት የሚባለው ያ ጊዜ ለማቲውስ በጦርነት አለፈ። ሊጉ እንደገና ሲጀመር ሰውየው 31 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዘመን ለክንፍ ተጫዋች ይህ ዕድሜ የመሰናበቻ ዋዜማ ይባላል።

በመጀመሪያው የድኅረ ጦርነት ውድድር ስቶክ ሲቲ ለሊጉ ሻምፒዮንነት ከሚፎካከሩት ቡድኖች አንዱ ሆነ። ይሁን እንጂ ማቲውስና ሥራ አስኪያጁ ቦብ መክግሮሪ አልተስማሙም። በግንቦት 1947፣ ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ግጥሚያዎች ብቻ ሲቀሩት፣ ክለቡ የ32 ዓመቱን ማቲውስ ለብላክፑል በ11,500 ፓውንድ ሸጠው። ይህ ለዕድሜ ባለጠጋ ተጫዋች የተከፈለ ጥሩ ገንዘብ ነበር፤ የስቶክ ሒሳብ ሹም ገቢውን ሲመዘግብ ፊቱ ሳይፈካ የቀረ አይመስለኝም። በሰኔ ወር የመጨረሻው ግጥሚያ ደረሰ። ስቶክ ሸፊልድ ዩናይትድን ቢያሸንፍ ከሊቨርፑል ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በጎል ስሌት በልጦ ሻምፒዮን ይሆን ነበር። 2 ለ 1 ተሸነፈና አራተኛ ወጣ። እስከ ዛሬም ድረስ ስቶክ የእንግሊዝን ከፍተኛ ሊግ አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ማቲውስ ቢኖር ኖሮ በእርግጥ ያሸንፉ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ኳስ ነውና ማንም አያውቅም። እኔን የሚያሳስበኝ፣ 11,500ው ፓውንድ በመዝገቡ ላይ በቀይና በጥቁር ሲጻፍ፣ የጠፋው ዋንጫ ግን የሚሰፍርበት ዓምድ ያልነበረው መሆኑ ነው።

ማቲውስ በብላክፑል አሥራ አራት ዓመት ተጫወተ። በ1948 እና በ1951 ለእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ። በ1953፣ በ38 ዓመቱ፣ ቡድኑ በቦልተን 3 ለ 1 ከተመራ በኋላ 4 ለ 3 አሸነፈ፤ የማሸነፊያዋን ጎል ያመቻቸውም እርሱ ነበር። ያ ግጥሚያ እስከ ዛሬ «የማቲውስ ፍጻሜ» ይባላል፤ በዚያው ቀን ሦስት ጎል ያገባው ስታን ሞርተንሰን ግን በስሙ የሚጠራለት ነገር አላገኘም። (ለሞርተንሰን ሁልጊዜ አዝንለታለሁ፤ በየመሥሪያ ቤቱ እንደርሱ ያለ ሰው አይጠፋም።) በ1956 የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ተቀባዩ የ41 ዓመቱ ማቲውስ ሆነ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንብርት ደረስን። በ1961 ስቶክ ሲቲ በሁለተኛ ምድብ እየተንገዳገደ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቶኒ ዋዲንግተን፣ ክለቡ በ32 ዓመቱ የሸጠውን ሰው በ46 ዓመቱ መልሶ ገዛው። የተከፈለው ዋጋ ከ4 ሺህ ፓውንድ በታች ነበር። ከመምጣቱ በፊት በሜዳው የተገኘው ተመልካች 8,409 ነበር። ማቲውስ ሐደርስፊልድን በገጠመበት የመጀመሪያ ቀን 35,974 ሰው ገባ። ልዩነቱን እናንተው አስሉት፤ የበር ገቢ ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው፣ የግዢው ዋጋ ብዙም ሳይቆይ እንደተመለሰ ለመገመት ኦዲተር መጥራት አያስፈልግም። በ1963 ስቶክ የሁለተኛ ምድብ ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ላይ ወጣ፤ ማቲውስም በ48 ዓመቱ የእንግሊዝ የዓመቱ ተጫዋች ተባለ። የመጨረሻውን የሊግ ግጥሚያ ያደረገው በየካቲት 1965፣ 50 ዓመት ከ5 ቀን ሲሆነው ነው።

ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሜ «ሽማግሌ አትሽጡ» ብላችሁ ግን አታለልኋችሁ ማለት ነው። ማቲውስ ከፍተኛው ሊግ ከገባ በኋላ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የተሰለፈው፤ የ1965ቱም ግጥሚያ መሰነባበቻ እንጂ ሌላ አልነበረም። ዋዲንግተንም አንድ አዛውንት ገዝቶ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እንደ ዴኒስ ቫዮሌትና ጂሚ መክልሮይ ያሉ ልምድ ያላቸውን ተጫዋቾች አምጥቶ በዙሪያው ቡድን ሠርቷል።

ደግሞም የማሰናበቱን ትክክለኛነት የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። ሪያል ማድሪድ ከ1956 እስከ 1960 አምስት ጊዜ በተከታታይ የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሣ የቡድኑ ልብ አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ ነበር። በግንቦት 1964 ቪየና ላይ በኢንተር 3 ለ 1 ተሸነፉ፤ ዲ ስቴፋኖ 38 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። በዚያው ክረምት ከክለቡ ተለይቶ ወደ ኤስፓኞል ሄደ፤ አሰነባበቱም መራራ ነበር። ማድሪድ ግን በተከተለው ዓመት የስፔንን ሊግ፣ በ1966 ደግሞ ብራስልስ ላይ ፓርቲዛንን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። በዚያ ፍጻሜ ጎል ካገቡት አንዱ አማንሲዮ፣ ክለቡ የገባው በ1962 ነው፤ ይኸውም ዲ ስቴፋኖ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። አሮጌው ምሰሶ ከመነቀሉ አስቀድሞ አዲሱ ተተክሎ ነበር። የዋንጫው አምበል የነበረው ሄንቶ ደግሞ የ32 ዓመት ሰው ነው። እንግዲህ በ32 ዓመቱ ስቶክ የሸጠው አለ፤ በ32 ዓመቱ ማድሪድ አምበል አድርጎ ያቆየው አለ። ዕድሜ ብቻውን መለኪያ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ ውሳኔዎች አንዱ ባልተወሰነ ነበር።

አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ። በዛሬው የሒሳብ አያያዝ፣ አንድ ክለብ ተጫዋች ሲገዛ የከፈለው ዋጋ እንደ ማይዳሰስ ሀብት ተመዝግቦ በውሉ ዘመን ተካፍሎ በየዓመቱ ይቀነሳል። ዩቬንቱስ በ2018 የ33 ዓመቱን ክርስቲያኖ ሮናልዶን በ100 ሚሊዮን ዩሮ ለአራት ዓመት ውል ገዛው። በ2021 ለማንቸስተር ዩናይትድ በ15 ሚሊዮን ሲሸጠው በመዝገቡ ላይ ገና ያልተቀነሰ ዋጋ ስለነበረው፣ ክለቡ የ14 ሚሊዮን ዩሮ ኪሣራ ማስመዝገብ ግድ ሆነበት። ይህን ያህል ግልጽ ነው፤ መዝገቡም ሥራውን ሠርቷል።

ክለቡ ራሱ ከልጅነቱ ያሳደገው ተጫዋች ግን በመዝገቡ ላይ ዋጋው ከባዶ እምብዛም አይርቅም፤ ምክንያቱም አልተገዛም። ሲሸጥ የተገኘው ሁሉ ትርፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ መዝገባችን አንድን ክለብ ከሕዝቡ ጋር ይበልጥ የሚያስተሳስረውን ሰው እንዲሸጥ ዘወትር ይገፋፋዋል። ገና በ13 ዓመቱ ባርሴሎና የገባው ሜሲ ነገር ደግሞ ሌላውን ጫፍ ያሳያል። በ2020 ልሂድ ሲል ክለቡ እምቢ አለ። በሰኔ 2021 ውሉ አበቃ። በነሐሴ፣ የሊጉ የወጪ ገደብ ስላልፈቀደለት፣ ክለቡ ሊያስፈርመው እንደማይችል አስታወቀ፤ ፕሬዚዳንቱም ዕዳቸው 1.35 ቢሊዮን ዩሮ መድረሱን ተናገሩ። የ34 ዓመቱ ሰው ለክለቡ ሰባራ ሳንቲም ሳያስገኝ ሄደ፤ በ2022ም ከአርጀንቲና ጋር የዓለምን ዋንጫ አነሣ። ባርሴሎና ሜሲን አልሸጠውም፤ አላቆየውምም። ሳይወስን ቆይቶ ጊዜው ወሰነለት።

በእኛ አገር ነገሩ መልኩ ይለያል። ክለቦቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚተዳደሩት በመሥሪያ ቤት ወይም በከተማ በጀት እንጂ በበር ገቢ አይደለም፤ ውሉም አጭር ነው። ስለዚህ «በስንት እንሽጠው?» የሚል ጥያቄ እምብዛም አይነሣም፤ የሚነሣው «እናድስለት ወይስ ይሂድ?» የሚለው ነው። በዚህም ምክንያት የተሳሳተ ውሳኔ ዋጋው በመዝገብ አይታይም።

አምበላችን ከሄደ በኋላ ወጣቱ ተጫዋች በእርግጥ መልካም ተጫወተ፤ በእርሱ በኩል ወረቀቴ አልዋሸም። ነገር ግን በዓመቱ አጋማሽ ላይ የተጫዋቾቹ ደመወዝ ሁለት ወር ዘገየ። ይህ ከዚያ በፊትም ያጋጠመን ነገር ነበር። ቀድሞ እንዲህ ሲሆን አምበሉ ብቻውን ወደ ቢሮአችን መጥቶ ቁርጡን ይጠይቃል፤ የነገርነውን ይዞ ይመለስና ልጆቹን ያረጋጋል፤ የተቸገረ ካለም ከራሱ ኪስ ያበድራል። በዚያ ዓመት ግን የመጣ ሰው አልነበረም። እኛም ለማን እንደምንናገር አላወቅንም። ቡድኑ ልምምድ አቆመ፤ ውድድሩ ሲያልቅ ሦስት ተጫዋቾች ለቀው ሄዱ። አንድ ሰው ለዓመታት ያለ ክፍያ ሲሠራልን የነበረውን ሥራ ያወቅነው ሥራው ከቆመ በኋላ ነው። ደመወዙን በደቂቃ ሳካፍል፣ ይህ ሥራ ከየትኛው ደቂቃ ውስጥ እንደሚገባ አልጠየቅሁም።

በቀድሞው ደመወዝ እናቆየው ነበር አልልም። ጉልበቱ ታክሞ የነበረ ሰው ነው፤ ዘጠና ደቂቃ በየሳምንቱ መሮጥ እንደማይችል እርሱም ያውቅ ነበር። የአንድ ዓመት ውል፣ ከፊሉ በተጫዋችነት ከፊሉ በረዳት አሠልጣኝነት፣ ልናቀርብለት እንችል ነበር። ይቀበለው ወይም አይቀበለው አላውቅም፤ ከቦርዱ መካከል ጠርቶ ያነጋገረው አንድም ሰው አልነበረምና። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ከመቀመጫው ተነሥቶ በአክብሮት ሰላም ካለኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ያንን ወረቀት ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት አሉ። እኔን ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ አንድ መስመር እጨምርልዎ ነበር» አለኝ። መስመሩ የትኛው እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ዛሬ በሌላ ክለብ ቦርድ ውስጥ አለሁ። በሚቀጥለው ወር የ36 ዓመት ግብ ጠባቂያችን ጉዳይ ይቀርብልናል፤ ውሉ ሊያበቃ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል፤ ጉዳዩ ቀደም ብሎ እንዲቀርብ ያሳሰብሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱ አሁን ሁለት ገጽ ሆኗል። የመጀመሪያው እንደ ድሮው ቁጥር ነው። በሁለተኛው ላይ ተተኪው ማን እንደሆነና ለመረከብ ስንት ወር እንደሚያስፈልገው፣ ሰውየው ከጎል በተጨማሪ ምን ምን እንደሚጠብቅ፣ ራሱስ ምን እንደሚል ተጽፏል። የመጨረሻውን ጥያቄ ለመሙላት ባለፈው ሳምንት ሻይ ጋብዤው ረጅም ሰዓት አወራን። ሁለቱ ገጾች አንድ ነገር አይናገሩም፤ የመጀመሪያው ይሂድ ይላል፣ ሁለተኛው ይቆይ። ሰብሳቢው ሒሳቡ ምን ይላል ብለው ሲጠይቁኝ ሁለቱንም አነብላቸዋለሁ፤ ድምፅ ሲሰጥ እጄን በየትኛው በኩል እንደማወጣ ግን እስከ ዛሬ አልቆረጥሁም።