ማባዛትን በመደመር
በኮምፒውተርና በሒሳብ ሙዚየም የጉብኝት ቀን የቀረበ ንግግር



ብዙዎቻችሁ ወደ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ለማለፍ እንደቸኮላችሁ አያለሁ። እኔ ግን በዚህ ፎቶግራፍ ፊት ጥቂት ላቆማችሁ እወዳለሁ። የቻርልስ ባቤጅ የልዩነት ማሽን ነው፤ ማሽኑ ራሱ የሚገኘው ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ነው።

ተማሪ ሳለሁ የሎጋሪዝም ዋጋ የምናገኘው ከመጽሐፍ ጀርባ ከታተመ ሰንጠረዥ ነበር። ሰንጠረዡ ሊሳሳት ይችላል ብሎ የጠረጠረ ከመካከላችን አልነበረም፤ መልሳችን ሲዛነፍ የምንወቅሰው ራሳችንን ነው። ባቤጅ ግን ጠረጠረ። እ.ኤ.አ. በ1821 ከወዳጁ ከጆን ኸርሼል ጋር በሰው እጅ የተሰሉ የሥነ ፈለክ ሰንጠረዦችን ሲያመሳክር ብዙ ስሕተት አገኘ። በዚያ ዘመን መርከበኛ በባሕር መካከል ያለበትን ስፍራ የሚያሰላው በሰንጠረዥ ነበርና፣ የአንዲት አሃዝ ስሕተት ቀላል ነገር አልነበረም።

መፍትሔው በቀላልነቱ ዛሬም ያስደንቀኛል። ቁጥሮችን በየራሳቸው ስናባዛ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 እናገኛለን። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 3፣ 5፣ 7፣ 9 ነው፤ የእነዚህ ልዩነት ደግሞ ምንጊዜም 2 ነው። እንግዲህ በ9 ላይ 2 ብንደምር 11፣ በ25 ላይ 11 ብንደምር 36 ይሆናል። ማባዛት አላስፈለገንም። መደመርን ደግሞ ጥርስ ያለው መንኰራኩር ይችለዋል።

ማሽኑ በባቤጅ ዘመን አልተፈጸመም። የብሪታንያ መንግሥት ወደ 17,000 ፓውንድ ካወጣበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1842 ተወው። የዘመኑ የብረታ ብረት ሙያ ስላልደረሰበት ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። የለንደኑ ሙዚየም ባቤጅ እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1849 ባዘጋጀው ሁለተኛ ንድፍ መሠረት፣ በዚያ ዘመን ሊደረስበት ከሚቻለው የልኬት ጥራት ሳያልፍ ማሽኑን ገነባ። የስሌት ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1991 ተጠናቀቀ፤ በትክክልም አሰላ። ስለዚህ ሒሳቡ አልጎደለም፤ ባቤጅ ከዋና ባለሙያው ከጆሴፍ ክሌመንት ጋር በክፍያ መጣላቱ፣ የመንግሥትም ትዕግሥት ማለቁ ይበልጥ የጎዳው ይመስለኛል።

በበሩ አጠገብ ወረቀትና እርሳስ አኑረናል። 1፣ 8፣ 27፣ 64፣ 125 ብላችሁ ጻፉና ልዩነታቸውን በየረድፉ አውርዱ። ልዩነቱ የማይለወጠው በስንተኛው ረድፍ ላይ እንደሆነ ሳታገኙ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዳታልፉ አደራ እላለሁ።